ወደ ሽቦው የሚያየው መስኮት

የካቲት 9፣ 2017፣ እሑድ

ሜዳው ላይ ካለው አሮጌ የሃይቴንሽን ምሰሶ ጎን ዛሬ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታውን ትተው ጉድጓዱን ከበቡት። እኔም ሥራዬን ትቼ መስኮት ላይ ቀረሁ። አዲሱ ምሰሶ ቁመቱ የእኛን ሕንፃ እጥፍ ይሆናል አሉ። መስመሩ ከወንዝ ግድብ ተነስቶ፣ ስንትና ስንት አገር አቋርጦ ነው እዚህ ቦሌ አራብሳ ጓሯችን የሚደርሰው። አሁን ኃይሉን ሊያሳድጉት ነው። ያ ሁሉ ውሃ የሚገፋው ነገር እኮ በዚያች ሽቦ ላይ ነው የሚያልፈው! ሱብሃነላህ አልኩ፤ ደግሜም አልኩ።

ሙክታር መጥቶ መጋረጃውን ዘጋው። «መኪ፣ ከዚህ መስኮት ራቂ» አለኝ።

ለምን እንዳለኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ቃሉን ግን እሱም አላወጣውም፣ እኔም እዚህ አልጽፈውም። አርብ ዕለት ሐኪሟ በአልትራሳውንዱ ብልጭ ብልጭ የምትል ነጥብ አሳየችን። «ልቡ ነው» አለች። ባሌ፣ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ከማንም ጋር የሚሟገተው ሰውዬ፣ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ነጥቧን ብቻ አየሁ።

ከዚህ በፊት የወረዱብኝ ሦስቱም ሦስት ወር አልሞሉም። ሦስቱንም ገና ሳይጸና ለሰው አውርቻለሁ። እማ ከደሴ ደውላ «መኪያ፣ ዓይን አለ። ራሱ እስኪታይ ድረስ አፍሽን ያዢ፣ ለጎረቤትም ለዘመድም እንዳትናገሪ» ብላኛለች። ይኸው ይዣለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሌላ ዕድል ያለኝ አይመስለኝም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

መገናኛ፣ መጋረጃ የምሰፋበት ሱቄ። መብራት ሄደ። መጋረጃው ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ቀረ፣ ደንበኛዋ ቆማለች። በእግር የሚረገጠው አሮጌው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ጨረስኩላት።

ጎኔ ሽቶ የሚሸጠው ልጅ፣ «ሃይቴንሽኑ ሲያድግ እኮ መብራት መጥፋት ይቀራል» አለ። ደንበኛዋ ደግሞ፣ «ይቅር አንተ! ከሱ አጠገብ የምትኖር ሴት አትወልድም» አለችው።

አትወልድም አለች። እንዲሁ፣ መጋረጃዋን እያጠፈች።

ከሦስቱ ሁለቱ የወረዱብኝ አራብሳ ከገባን በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ማታ

የፕሮጀክቱ ሰዎች ነዋሪውን ሰብስበው ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። መድረኩ ላይ የቆመችው ማኅደር የምትባል ወጣት ኢንጂነር ናት። ይቺ ሚጢጢ ልጅ ነች እንዴ ያንን ሁሉ ብረት የምታስተክለው? ዓይኔን ከሷ ማንሳት አቃተኝ። ሰው እየጮኸ ይጠይቃታል፣ እሷ ሳትቆጣ አንድ በአንድ ትመልሳለች። ፍሪጅ ያቃጥላል ወይ? የቆርቆሮ ጣራ ይነዝራል ወይ? ልጆቻችን የት ይጫወቱ? ካፊያ ሲሆን እንደ ንብ የሚጮኸው ምንድን ነው? አቶ ማሞ፣ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ወታደር፣ «እኔ ስተኛ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚጮኸው!» ብለው አዳራሹን አሳቁት።

የእኔ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ብጠይቅ ይታወቅብኛል፤ ባልጠይቅ እንቅልፍ የለኝም። ከዚያ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ እጄን አወጣሁ።

«እኛ ብሎክ አንዲት ሴት አለች» አልኩ። «መስኮቷ ወደ ሽቦው ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ለሰው ገና አልተናገረችም። ሽቦው ጽንሷን ይጎዳባታል ወይ?»

ቃሉን በሌላ ሴት ስም አወጣሁት።

ማኅደር ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ቀጥሎ፣ «ብዙ ተጠንቷል፤ በዚህ ርቀት ጽንስ ይጎዳል የሚል ማስረጃ የለም። ፈጽሞ ምንም የለም ብዬ እንድምልልሽ ግን አትጠብቂ፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ የሚምልልሽን ሰው አትመኚ። መጥቼ እያንዳንዱን ቤት እለካለሁ» አለች።

ስንወጣ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ እትዬ ሙሉነሽ ክንዴን ያዙኝ። «ማን ናት?» አሉኝ። ዓይናቸው ያበራል።

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንዲሁ ለምሳሌ ነው» አልኳቸው።

«ለምሳሌ!» አሉና ሳቁ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። ሐኪሟ ከልክላኛለች፤ ሸሪዓውም ይፈቅድልኛል። ግን መኪያ አልጾመችም ከተባለ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ተቀምጬ ዳቦ በላሁ። የሚሰማ ነገር ማኘክ ፈርቼ በውሃ እያራስኩ። አላህ ያውቃል እያልኩ።

ከእኛ በላይ የምትኖረው ሳና ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ይዛ ወረደች። ወላጆቿ ቡታጅራ ናቸው፤ እዚህ የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ከአብዱልናስር ጋር ነው። አትላስ አካባቢ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። የዚያን ሆቴል የመጋረጃ ሥራ ያገኘችልኝም እሷ ነች። ለኢድ ማግስት ሽማግሌ ይመጣላታል። ሌላ ጊዜ ሊያገባት ስላሰበው ልጅ አውርታ አትጠግብም፣ ዛሬ ዝም ብላ ሳህኑን ሰጠችኝ።

«መኪዬ፣ አንቺ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ጾሙ ነው» አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣ «እሺ፣ ኖርማል ነው። ብቻ ከባድ ነገር አታንሺ» ብላ ወጣች።

ጾመኛ ሰው ምን ከባድ ነገር ያነሳል ብዬ ሳቅኩ።

የካቲት 28፣ አርብ

ደረጃ ላይ ሁለት ሴቶች ስወርድ ዝም አሉ። ካለፍኩ በኋላ አንደኛዋ፣ «ሽማግሌዎቹም ሳይሰሙ አይቀሩም» ስትል ሰማሁ። የማን ሽማግሌ? ሰው ጾሙን እንኳ ከወሬ አይጾምም።

አብዱልናስርን ከታች ሚኒባሱን ሲያጥብ አገኘሁት። ሰላም አልኩት፣ ጎማውን እያየ መለሰልኝ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ አድሮ ይሆናል።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

አትላስ፣ ሆቴሉ። የመስኮት ልኬት። እዚህ መብራት ጠፍቶ አያውቅም፣ ጄኔሬተሩ ሳይነግሩት ይነሳል። ሳና ቦታዋ ላይ የለችም። «አሟታል» አሉኝ። አንዷ አስተናጋጅ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ጉንፋን ምኑ ያስቃል?

ሁለት መስኮት ተሳስቼ ለካሁ። ሌላ ቀን ተመልሼ መለካት አለብኝ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ምሰሶው ዛሬ ራሱን አወጣ።

ይሄን መጻፍ አለብኝ፣ ይረሳኛል ብዬ ሳይሆን ስላልወጣልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ብረቱን እየጎተቱ፣ እያሰሩ፣ እየገጣጠሙ ወደ ላይ ወጡ። ሰዎቹ ከፍ ባሉ ቁጥር እያነሱ ሄዱ፣ መጨረሻ ላይ ቀይ ቆባቸው ብቻ ይታይ ነበር። ነፋሱ ልብሳቸውን ያራግበዋል። እንዴት ነው እግራቸው የማይንቀጠቀጠው? እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ መጋረጃ ስሰቅል ግድግዳ እይዛለሁ! የማልወደውን፣ የምፈራውን ነገር እየተከሉ ነው፤ እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀኑን ሙሉ አየኋቸው። አልዋሽም፣ አማረኝ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማቆሙ አስደነቀኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሌሎቹ ወረዱ፣ አንዱ ቀረ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰውዬው የብረቱ ክንድ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ አፉ ውስጥ አደረገ። ቴምር መሆን አለበት። ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ። እዚያ ሰማይ ላይ! ምን ብሎ ለመነ ይሆን?

እኔ ዛሬ ቀን ላይ ሁለት ጊዜ በልቻለሁ። ሐጢአት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያን ሰው ሳይ አለቀስኩ። ሙክታር አጠገቤ ቆሞ፣ «አላህ የሰጠሽን ፈቃድ እየረሳሽ ነው» አለኝ። እጁን ወገቤ ላይ አድርጎ ጨለማ እስኪሆን ቆምን። መስኮቱ ላይ ነበርን፤ እሱም ራቂ አላለኝም።

መጋቢት 12፣ አርብ

ምን አደረግኩ። ምን አደረግኩ።

እትዬ ሙሉነሽ የሁዳዴ ምስር ሊገዙ ሲወጡ አብረን ወረድን። እንደ ቀልድ፣ «የሳናን ጉድ ያወጣሽው አንቺ፣ አሁን ደግሞ ሰላም ብለሽ የምታልፊያት አንቺ» አሉኝ።

«የምን ጉድ?»

«ኧረ ልጄ! በስብሰባ ፊት መስኮቷ ወደ ሽቦው ነው አላልሽም? ወደ ሽቦው የሚያየው የኛ ብሎክ ጫፉ ብቻ ነው። አንደኛ ላይ ማሞ፣ ሁለተኛ ላይ ካሊድና ጓደኛው፣ ወንደላጤዎች። ሦስተኛ አንቺ፣ አራተኛ ሳና። ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«እኔስ?» አልኳቸው።

ሳቁ። በክፋት አይደለም፣ እንደውም ትከሻዬን ደበስ አደረጉኝ። «አንቺማ የኔ ልጅ፣ አላህ አልፈቀደልሽም እንጂ እሱማ ምነው በሆነ!»

ብሎኩ ሁሉ ቆጥሯል፣ እኔ ከቁጥሩ ውስጥ የለሁም። ማንም፣ አንድም ሰው፣ መኪያ ትሆን ይሆን አላለም። ይሄ እንዴት እንደሚያም ለማን እነግራለሁ? የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ በመጀመሪያ ያመመኝ ስለ ራሴ ነው። ሳና ትዝ ያለችኝ ቤቴ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ሽማግሌ የሚልኩት ሰዎች ነገሩ ይቆይ ብለዋል አሉ። ሆቴሉም ውስጥ ተሰምቷል። አብዱልናስር እህቱን አያናግራትም። እኔ የነዳጅ ሰልፍ እላለሁ፣ ጉንፋን እላለሁ።

መጋቢት 13

አልተናገርኩም።

መጋቢት 14

ሙክታር፣ «እውነቱን ንገሪያት» አለ። እማ በስልክ፣ «ለማንም! ገና ነው!» አለች። ዛሬም አልተናገርኩም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ለእትዬ ሙሉነሽ ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄድኩ። ሰውነቴ እንቢ አለ። ባለፈው የነገርኳት ሴት እልል ብላልኝ፣ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ተኛሁ። እሷ አደረገች አልልም። ግን እጄ በሩን አላንኳኳም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ማኅደር ቃሏን ጠብቃ ከሰዓት በኋላ መጣች። እንደ ሬዲዮ ያለ ትንሽ መለኪያ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። መስኮቴ ላይ አደረገችው፣ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ አለ። አልጋው ጋ ወረደ። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ስታልፍ እየሰፋሁበት የነበረው የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዬ ሞተሩ እየዞረ ነበርና፣ መለኪያው ከመስኮቱ ብዙ እጥፍ ዘለለ!

«ሞተሩ ነው» አለች። «ይሄም ከተፈቀደው በታች ነው፣ አትደንግጪ። ግን ከሽቦው ይልቅ ለሆድሽ የሚቀርበው ይሄ ነው።»

ለሆድሽ አለች እንጂ ለሴትዮዋ ሆድ አላለችም። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ወረቀቷ ላይ እየጻፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ያን ትልቅ ብረት ስፈራ፣ ስንት ወር ሙሉ ደረቴንና ሆዴን አስጠግቼ የተቀመጥኩት እዚህ ላይ! መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ለካ የሚያስፈራኝን ነገር ውጭ ውጭውን ነው የማየው። መኪናውን ነቅዬ ጥግ አስቀመጥኩ። ነገ የእግሩን ከሱቅ አስመጣለሁ።

እሷ ስትወጣ ነጠላዬን ደርቤ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዛሬ ዱዓ ይሰማባታል የምትባለው የረመዳን ሃያ ሰባተኛዋ ሌሊት መግቢያ ናት፤ ይሄን በልቤ ይዤ ዱዓ ለማድረግ ደፍሬ እጄን አልዘረጋም።

ሳና ብቻዋን ነበረች። ከስታለች። ገና በሩ ላይ፣ «ሳና፣ ያቺ ሴት...» ስል አቋረጠችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ነሽ።»

«ማን ነገረሽ?»

«መኪዬ፣ የሽንት ቤታችን ቱቦ እኮ አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ስታስመልሺ ይሰማኛል። ከስብሰባው በፊት ጀምሮ አውቃለሁ።»

ወንበር አመጣችልኝ። «ታዲያ እንዲህ ስምሽን ሲያጠፉት፣ ወንድምሽ ሲያኮርፍሽ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? እኔ አይደለሁም ብዬ ብምል የሚቀረው ማን ነው? በዚህ ጫፍ ሴት ያለበት ሁለት ቤት ነው። ባለፈው ጊዜ ሲያምሽ ሐኪም ቤት ያመላለስኩሽ እኔ አይደለሁ? ምን እንደምትፈሪ አውቃለሁ።» ጣቷን ትቆጥራለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምጿ ግን አልተሰበረም። «የኔ ስም ይመለሳል፣ መኪዬ። ጥቂት ወር ሲያልፍ ሆዴ ባዶ መሆኑን ራሳቸው ያዩታል። ያንቺ ግን ከሄደ ማን ይመልስልሻል?»

ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ሰው እንዲህ አድርጌ አላውቅም። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ፣ «ሲሪየስሊ፣ ከባድ ነገር አታንሺ አላልኩሽም?» አለችኝ፣ እያለቀሰች ሳቀች።

«እናገራለሁ» አልኳት።

«ሲጸና» አለች።

ምሰሶው ላይ ያየሁት ሰው ትዝ አለኝ። ለካ እንዲህ ያለ ሰው ከራሴ በላይ አንድ ፎቅ ይኖራል።

መጋቢት 19፣ አርብ

ደም አየሁ።

ሐኪም ቤት። ሙክታር ተጠርቷል።

ማታ፦ ልቡ ይመታል። ሐኪሟ ተኚ ብቻ አለች። ከሦስት ወር አልፎልሻል አለች። እማ ደውላ፣ «አየሽ? ልትናገሪ አሰብሽ፣ አየሽ?» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ኢድ

ተኝቻለሁ። ከስታዲየም የሚመለሱት ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል። እትዬ ሙሉነሽ በጾማቸው ላይ ሆነው ለኢድ ሰላም ሊሉን መጡ፤ «ምን ሆንሽ?» ሲሉ ሙክታር ወገቧን ነው አላቸው። እሳቸው ተሰናብተው አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታቸው ሲወጡ ሰማሁ። የሳናን በር አላንኳኩም፣ አልፈው ሄዱ። በኢድ ቀን።

ይበቃል። የእሱ ልብ እየመታ እኔ እንዲህ የምኖር ከሆነ፣ ይሄ ልጅ ምን ዓይነት እናት አገኘሁ ይላል?

መጋቢት 28፣ እሑድ

ሁለተኛው ስብሰባ ነበር። ሙክታር በሩ ላይ፣ «መኪ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አልነበርኩም። ሄድኩ።

ማኅደር የወሰኑትን ተናገረች። መስመሩ አይቀርም። ሕፃናት መዋያው አጠገብ ሊተከል የነበረው ሌላው ምሰሶ ግን ራቅ ይላል፣ ከመስመሩ ሥር ያሉት የቆርቆሮ ሱቆች ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ይታሰርላቸዋል፣ ሜዳው ይታጠራል። ግማሹ ሰው አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ኳስ ሜዳቸውን የተቀሙት ልጆች ኋላ ላይ ጮኹ። ትክክል ናቸው፤ ሌላ ሜዳ የላቸውም።

እጄን አወጣሁ። አብዱልናስር ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሳና አልመጣችም።

«ባለፈው አንዲት ሴት አለች ብዬ ነበር» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «መስኮቷ ወደ ሽቦው የሆነ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ለራሴ መጠየቅ ፈርቼ ነው። እናንተ ደግሞ እኔን ከቁጥር አውጥታችሁ የሰው ልጅ ስም አጠፋችሁ። ልጅቷ እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር፤ እኔን ልትጠብቅ ብላ ስሟን ሰጠች። አርግዣለሁ፤ ይኸው።»

ነጠላዬን ገለጥኩት። ቀሚሴ ላይ ትንሽ ነው የሚታየው፤ ግን ይታያል።

ያ ሁሉ ዓይን ሆዴ ላይ! እማ የፈራችው ዓይን ሁሉ አንድ ላይ። እትዬ ሙሉነሽ ሰው እየገፉ መጡ። የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ሆዴ ላይ ጣሉት።

«ምን ታያላችሁ!» ብለው ጮኹ። «ዓይናችሁን አንሱ! አፌ ይቆረጥ፣ ያወራሁት እኔ ነኝ። በሉ፣ ክርስቲያንም እስላምም፣ እትፍ እትፍ በሉላት!»

አቶ ማሞ ቀደሙ። «እትፍ! እትፍ! ዕድሜ ይስጠው!» ከዚያ ካሊድ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሊከራከር የመጣው ሰው፣ ፍሪጄ ያለው፣ ጣራዬ ያለው፣ ሁሉም ወደ እኔ እትፍ እትፍ አለ። መድረኩ ላይ ማኅደር ማይኩን እንደያዘች እትፍ አለች፣ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስንት ሰው ነው ለአንድ ያልተወለደ ልጅ ምራቁን የሰጠው?

አብዱልናስርን ስፈልገው የለም። ቤት ስደርስ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ራሱን ይዞ። «እህቴ መኪያ» አለኝ፣ «ስታፈጥር እንኳ ውሃ አላቀበልኳትም።»

«ሂድና አሁን አቀብላት» አልኩት። ወደ ላይ ሮጠ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ዛሬ አዲሱን ሽቦ ይወጥራሉ። ሰዎቹ በሽቦው ላይ በምትንከባለል ትንሽ ቅርጫት ተቀምጠው ከምሰሶ ምሰሶ ይሄዳሉ። ጧት ከሰንዳፋ በኩል የተነሱት ከሰዓት እኛ ጋ ደረሱ። ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያጨበጭቡላቸዋል፣ ኳሱንም ረስተውታል።

አልጋችንን ወደ ውስጠኛው ክፍል አዞርነው። ማኅደር አያስፈልግም ብላለች፤ እኔም አምናታለሁ። ቢሆንም አዞርነው።

የልጁ ቤተሰብ ለሳና ሽማግሌ መልሰው ላኩ። እሷ ደግሞ፣ «ያመነኝ ሲመጣ እንጂ ነገሩ የተጣራለት ሲመጣ አይደለም፤ እሱ ራሱ መጥቶ ያናግረኝ» አለች አሉ። አብዱልናስር ለሽማግሌዎቹ ይሄንኑ ቃል በቃል ነገራቸው። መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቱ በርቶ ነበር።

ሆቴሉ ሄጄ ያቺን አፏን በእጇ ሸፍና የሳቀችውን አስተናጋጅ አገኘኋት። ሆዴን አይታ አንገቷን ደፋች። መስኮቶቹን በትክክል ለካሁ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ዛሬ ሲመሽ መስመሩ ላይ ኃይል ለቀቁ። እንደምንም ብሎ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፤ ሰገነት ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ አጥሩ ዳር። እኔ ሳናን ይዤ የራሴ መስኮት ላይ ነበርኩ። መጋረጃውን እስከ ጫፍ ከፈትኩት። ያ ሁሉ ወንዝ ሊመጣ ነው ብለን ጠበቅን።

ምንም አልታየም። ብልጭታም፣ ድምፅም የለም። አቶ ማሞ ከታች ሆነው፣ «ኧረ ጀምሩት!» ብለው ጮኹ። ማኅደር ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነበር፤ «ጀመረ እኮ! ገብቷል!» አለች። ገብቷል። እላያችን ላይ እያለፈ ነው፣ ስንት ከተማ የሚያበራ ኃይል፣ እኛ ደግሞ ቆመን ሰማዩን እናያለን። ትልቅ ነገር እንዲህ ነው ለካ የሚጀምረው፣ ሳይታይ።

ወዲያው የሰፈራችን መብራት ድርግም አለ። ከዚያ የተነሳው ሳቅ! «ለእኛ አልደረሰም!» ይላል ካሊድ። እትዬ ሙሉነሽ ሻማ ፍለጋ እየተሳደቡ ይወጣሉ። ካፊያው ሲጀምር ሽቦው ቀስ ብሎ መዝመር ጀመረ፣ ከአሮጌው ወፈር ባለ ድምፅ። አሁንም እፈራዋለሁ። ግን ዘግቼ አልሄድኩም።

ያኔ ነው የሆነው። ከውስጥ፣ ከእምብርቴ በታች፣ እንደ ጣት መታ አደረገኝ። አቆመ። ደግሞ መታ።

አልጮህኩም። የሳናን እጅ ፈልጌ ያዝኩና እዚያው ቦታ ላይ አደረግኩት። መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። ሦስተኛው ሲመታ እጇ ዘለለ።

«ያ አላህ» አለች። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። «መኪዬ፣ አሁንም ከሁሉም ቀደምኩ አይደል?»

ሙክታር ገና ታች ነው፣ ከአቶ ማሞ ጋር ስለ መብራቱ ይከራከራል።

«ቀደምሽ» አልኳት።